የዓመቱ አልበምና የሻደይ ዘፈን

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ክበባችን ለዚህ ምሽት የሰጠን ሥራ ሲሰሙት ቀላል፤ ሲሠሩት ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱ አባል ባለፈው ዓመት ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሰማውን አንድ አልበም፤ አዲስም ይሁን አሮጌ፤ ከነምክንያቱ ለጉባኤው እንዲያቀርብ ተወስኗል። ሁለት መጥራት ክልክል ነው። «ደስ ስለሚለኝ ነው» ብሎ መቀመጥም ክልክል ነው። ይህ ሁለተኛው ደንብ ከፈተና ክፍል የመጣ ይመስላል። ቢሆንም ጠቃሚ ደንብ ነው፤ ሰው የሚወደውን ነገር ለምን እንደ ወደደው ሲጠየቅ ስለ ራሱም ጭምር ለማሰብ ይገደዳልና።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች የጠሯቸውን አልበሞች በማስታወሻዬ ላይ ጽፌአቸዋለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1974 በአምሃ ሪከርድስ የታተመውን የሙላቱ አስታጥቄን «ኢትዮ ጃዝ» መርጧል። ሌላዋ እ.ኤ.አ. በ1977 ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋራ የሠራውን «ጨ በለው» አቅርባለች። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውን የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም፤ አራተኛው በ2009 ዓ.ም. የወጣውንና በአሜሪካ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነውን የቴዲ አፍሮን «ኢትዮጵያ»፤ አምስተኛው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የወጣውን የሮፍናንን «ነጸብራቅ» መርጠዋል። በአምስቱ መካከል የተነሣውን ክርክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። «ነጸብራቅ» የኮምፒዩተር ድምፅ ነው፤ ሙዚቃ አይደለም የተባለው ንግግርና ለዚያ የተሰጠው መልስ እስከ ምግብ አዳራሹ ድረስ እንደሚከተለን አልጠራጠርም።

በበኩሌ የመረጥሁት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቬኒርስ» የተባለውን አልበም ነው። ስሙ የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን በእኛ ቋንቋ «ትዝታዎች» ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በአሜሪካ አገር ነው። እማሆይ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አስቀድመው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023፤ በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። እንግዲህ ይህ አልበም ባለቤቲቱ በእጃቸው ሳይዙት የወጣ ነው ማለት ነው።

ምክንያቴን ልስጥ። እማሆይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ21ኛው ቅጽ በሚገኘው የፒያኖ ሥራቸው ነው። በዚያ ቅጽ ድምፃቸው አይሰማም። «ሱቬኒርስ» ላይ ግን ራሳቸው በአማርኛ ይዘፍናሉ። ድምፁ የተቀዳው በደርግ ዘመን፤ አዲስ አበባ ውስጥ በቤተሰባቸው ቤት፤ በተራ የካሴት መቅረጫ ነው። ባለሙያ አልነበረም፤ የድምፅ ክፍል አልነበረም። ጆሮውን የሰጠ ሰው ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩትን ወፎች እንኳ ይሰማል። ያ ካሴት አርባ ዓመት ያህል ቈይቶ አልበም ሆነ። በዚያ ቀን ካሴቱን ማዞር የሚያስታውስ ሰው ባይኖር ኖሮ፤ ዛሬ እኔ ሌላ አልበም መርጬ፤ እናንተም ሌላ ንግግር ትሰሙ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው። አልበም ማለት መልካም ዘፈን ማለት ብቻ አይደለም። አልበም ማለት አንድ ሰው «ይህ ድምፅ መጥፋት የለበትም» ብሎ የወሰነበት ነገር ነው። ይህንንም ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንድመለስ ይፈቀድልኝ።

አልበም የሚለውን ቃል ሁላችን የምናውቀው ከፎቶግራፍ መያዣው ነው፤ የሙዚቃውም ስም የመጣው ከዚያው ነው። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች፤ ሲወድቁ እንደ ምጣድ የሚሰበሩት፤ በአንድ ፊታቸው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ብቻ ይይዙ ነበር። ስለዚህ ረዘም ያለ ሥራ ሲቀዳ ብዙ ሸክላዎች በመጽሐፍ መልክ በተሠራ መያዣ ውስጥ እየተደረደሩ ይሸጡ ነበር። ያ መያዣ አልበም ተባለ። በኋላ በአንድ ፊቱ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚይዘው ትልቁ ሸክላ ሲመጣ መያዣው ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ በእጅ ስልካችን የምንሰማው አልበም ሸክላም መያዣም የለውም፤ ስሙ ግን አሁንም አለ።

የአገራችንም ድምፅ በሸክላ ላይ የሠፈረው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በበርሊን ድምፃቸውን አስቀድተዋል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ለብዙ ዘመን ጠባብ ሆኖ ቈየ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር የዘለለው አምሃ እሸቴ ነው። እርሱም በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፤ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ያለ ፈቃድ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀድቶ በህንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ መቶ ሦስት ትንንሽ ሸክላዎችንና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ የሚወደሰው በከፍተኛ ክፍሉ የእነዚህ ሸክላዎች ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ያ ዘመን ወርቃማ የሆነው ከእርሱ በፊትና በኋላ በአገራችን መልካም ዘፋኝ ስላልነበረ ነውን? አይደለም። በሸክላ ላይ ስለ ሠፈረ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮጲክስ»ን ሲያሳትም የሰበሰበው የተቀዳውን ነው። ያልተቀዳውን ማንም ሊሰበስብ አይችልም። ኃይሉ መርጊያንም ተመልከቱ። በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፤ የቀድሞ ሥራዎቹ እንደገና ሲታተሙ ወደ መድረክ ተመልሷል። እንዲመለስ ያስቻለው ቀድሞ የሠራው ካሴትና ሸክላ ነበር።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልግባ። በዚህ ምሽት ከተጠሩት አልበሞች መካከል ከዋግ የመጣ አንድም አልነበረም። እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ፤ እኔም ራሴ አልጠራሁም። ሊጠራ የሚችል አልበም ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን አንዱ ከአንዱ የተቈራረጠ፤ በስልክ የተቀረጸ፤ የዘፋኟ ስም ያልተጻፈበት የሁለት የሦስት ደቂቃ ቅንጣቢ ነው።

የሰቆጣ ስም በአገራችን የማይታወቅ ስም አይደለም። ነገር ግን በምን ይታወቃል? በ1977ቱ ድርቅ ይታወቃል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል የገባበት ሰነድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። ቃል ኪዳኑ በጎ ነው፤ ሥራው እንዲሠምር የምንመኝ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። ዳሩ ግን አንድ አገር ስሙ በረሃብ መዝገብ ላይ ብቻ ሲጻፍ፤ የአገሩ ልጅ በሄደበት ሁሉ ስሙን ሲናገር የሚያገኘው መልስ ኀዘኔታ ይሆናል። ኀዘኔታ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ሁልጊዜ በእርሱ ሊኖር አይችልም።

የወሎ ወንድሞቻችን ዕድለኞች ናቸው። ባቲና አምባሰል የአገር ስም ሆነው ሳለ የቅኝትም ስም ሆነዋል። ማሪቱ ለገሰ ስትዘፍናቸው የሰማ ሰው፤ ባቲ ከተማን ሳያያት ይናፍቃታል። ዋግም በቀድሞው አከፋፈል የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች። የአጎራባቾችዋ ስም በዜማ ሲጠራ የእርሷ ግን በዜማ ሳይጠራ ቀረ።

ዋግ ዘፈን አጥታ ነውን? ሰሚዎች ሆይ፤ ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሰቆጣ ላይ ቁሙ። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ቅጠል በወገባቸው ታጥቀው፤ ፀጉራቸውን ተሠርተው፤ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም በየደጁ፤ በየአደባባዩ ይጫወታሉ። ይህ በላስታ አሸንድዬ፤ በራያ ቆቦ ሶለል፤ በትግራይ አሸንዳ ከሚባለው በዓል ጋራ አንድ ዘር ነው፤ በዋግ ግን የራሱ ምት፤ የራሱ አረማመድ አለው። ከቋንቋውም አንጻር ያየነው እንደ ሆነ፤ በአማርኛም በኽምጣናም ይዘፈናል። ኽምጣና የዋግ አገዎች ቋንቋ ነው፤ የአዊዎቹ አገውኛ፤ የቅማንትኛና የብሌን ዘመድ ነው። በዚህ ቋንቋ የሚዘፈነውን የሻደይ ዘፈን የሚሰማ ሰው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ይሰማል።

የዘፈኑን አሠራር እንመልከት። አንዲት አቀንቃኝ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አቀንቃኟ የቤቱን ባለቤት እያየች ግጥሙን በዚያው ላይ ትፈጥራለች። ለጋሱን ታመሰግናለች፤ ቈጣቢውን በቀልድ ትወጋለች፤ የዓመቱን ወሬ ሁሉ ታስገባበታለች። ስለዚህ የዘንድሮው ዘፈን የአምናው አይደለም። የዜማው አጥንት ይቈያል፤ ሥጋው ግን በየዓመቱ አዲስ ነው። እንግዲህ «የዓመቱ አልበም» የሚለው ስም በእውነት የሚገባው ነገር ካለ ይህ ነው፤ በየነሐሴው ይወጣል፤ ነሐሴ 21 ቀን ያልቃል፤ አንድ ቅጂም አይቀርም።

ከሰቆጣ አጠገብ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ በሣጥን ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይታያል። አባቶቻችን የመኳንንቱን አካል ለማቈየት ጥበቡ አልጐደላቸውም። የልጃገረዶቹን ድምፅ ለማቈየት ግን መሣሪያው አልነበራቸውም። እኛ መሣሪያው በየኪሳችን አለ። ታዲያ እነርሱ በመሣሪያ እጦት ያሳለፉትን እኛ በምን ምክንያት እናሳልፈዋለን?

አሳቤን አስቀድሜ ለጥቂት ጓደኞቼ ነግሬአቸው ሦስት ተቃውሞ አቅርበውልኛል። ቅን ተቃውሞዎች ስለ ሆኑ መልስ ልስጥባቸው።

የመጀመሪያው፤ ሻደይ የአደባባይ ጨዋታ ነው፤ ከአደባባዩ ለይተህ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰማው ሕይወቱ ይወጣል የሚል ነው። እውነት አለው። ነገር ግን ይህ ክርክር ለሙዚቃ ሁሉ የሚሆን ነው። ዓለማየሁ እሸቴንም በመድረክ ላይ ማየትና በሸክላ መስማት አንድ አይደለም። አሁን መድረኩ የለም፤ ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፏል፤ ሸክላው ግን አለ። ቅጂው በዓሉን አይተካም፤ ሊተካውም አይደለም። በዓሉ ወዳልደረሰበት ሰው ይደርሳል፤ በዓሉም ሲቋረጥ ምስክር ይሆናል።

በዓል ይቋረጣልን? የምትሉ ካላችሁ፤ የሩቅ ታሪክ አልጠቅስም። በሰሜኑ ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከዋግ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። አንዲት አቀንቃኝ ስትፈናቀል በመንደርዋ ሴቶች ዘንድ ከእናት ወደ ልጅ የመጣው ዜማም አብሮ ይፈናቀላል። በመጠለያ ውስጥ ያደገች የሰባት ዓመት ልጅ ከማን ትማረው? ቤት እንደገና ይሠራል፤ ከብትም እንደገና ይገዛል፤ የተረሳ ዜማ ግን ከገበያ አይገዛም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ ስልክ በያለበት ስላለ ዘፈኑ በየቀኑ ይቀረጻል፤ አንተ ምን ትጨምራለህ? የሚል ነው። የሚጨመረው ሥርዓት ነው። የሚቀረጸው አብዛኛው ለመታየት እንጂ ለመሰማት አይደለም፤ ዘፈኑ ሊደምቅ ሲል ይቈረጣል። ወይም ደግሞ ወደ ድምፅ ክፍል ተወስዶ ከበሮው ይወጣና የኪቦርድ ምት ይገባበታል፤ ሃያ ሴቶች የተቀበሉት ዘፈን ለአንዲት ዘፋኝ ብቻ ይሰጣል። ይህን የሚሠሩትን አልወቅስም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ዋናው፤ ሳይቈረጥና ሳይለሰልስ፤ አንድ ጊዜ በሙሉ መቀመጥ አለበት። እማሆይ ቤታቸው ውስጥ ሲቀዱ ወፎቹን አላባረሩም፤ በመጨረሻ ያማረውም ያ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ነገ ቅጂው ቢሸጥ ገንዘቡ የማን ነው? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። የአገራችን ሙዚቀኞች ሥራቸው በየሱቁ ያለ ፈቃድ ሲባዛ ብዙ ተበድለዋል፤ ብዙም ከተከራከሩ በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። አዋጁ የደራሲን ብቻ ሳይሆን የከዋኝንም መብት ያውቃል። እንግዲህ የሻደይ አቀንቃኝ ከከተማው ዘፋኝ በምን ታንሳለች? ስምዋ ይጻፍ፤ ፈቃድዋ ይጠየቅ፤ ልጅ ከሆነች ወላጆችዋ ይጠየቁ፤ ጥቅም ቢገኝ ድርሻዋ ይድረሳት። «የሕዝብ ዘፈን» የሚለው ስም የዘፋኟን ስም መደምሰሻ መሆን የለበትም።

ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሰቆጣና ወደ አካባቢዋ የምንመለስ ተማሪዎች አለን። ከእነዚህ መካከል ፈቃደኞች በመጪው ነሐሴ ከ16 እስከ 21 ሻደይን እንዲቀዱ ክበባችን ይወክላቸው። ሥራውም በእነዚህ ደንቦች ይሁን።

አንደኛ፤ ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀዳ፤ አይቈረጥ። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ሃያ ደቂቃ፤ አንድ ሰዓት ከሆነ አንድ ሰዓት። የሸክላ ልክ ዛሬ አያስገድደንም።

ሁለተኛ፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋራ ቀኑ፤ መንደሩ፤ የአቀንቃኟና የከበሮ መችዋ ስም፤ በምን ቋንቋ እንደ ተዘፈነ ይጻፍ። ስምዋ እንዲታወቅ የማትፈልግ ብትኖር ፈቃድዋ ይጠበቅ።

ሦስተኛ፤ የኽምጣናው ግጥም ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው እጅ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ፤ የአማርኛ ትርጉሙም ከጎኑ ይሁን። የትርጉሙ ሥራ ለችኩል አይሰጥ።

አራተኛ፤ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንደኛው ሰቆጣ፤ ዘፋኞቹና ልጆቻቸው ሊሰሙት በሚችሉበት ቦታ ይሁን። ሁለተኛው በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እንዲቀመጥልን እንለምን። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ላይ ተከማችቶ፤ የዋግ ሰው የራሱን ድምፅ ለመስማት ተሳፍሮ እንዲመጣ መደረግ የለበትም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። አንድ ደኅና የድምፅ መቅረጫ፤ ከነፋስ የሚከላከል የማይክሮፎን ልባስ፤ የመኪና ገንዘብና ትዕግሥት ነው። የመጨረሻው ብቻ በማኅበራችን ገንዘብ ቤት አይገኝም።

እርግጥ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቅጂ የዓለምን ሰንጠረዥ አይመራም። እጅጋየሁ ሽባባው ከአገው ምድር ከቻግኒ ተነሥታ፤ እንደ ሄርቢ ሃንኮክና እንደ ዌይን ሾርተር ካሉ የአሜሪካ የጃዝ ሊቃውንት ጋራ እስከ መሥራት ደርሳለች። ሁሉ ሰው ይህ ዕድል አይገጥመውም፤ ሊገጥመውም አያስፈልግም። እኔ የምመኘው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ምናልባትም ከዚህ የበለጠ። በሚመጣው ዓመት ክበባችን ለዚሁ ጉዳይ ሲሰበሰብ፤ ከጎንደር ወይም ከጅማ ወይም ከሐረር የመጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፤ የዋግን ልጃገረዶች ቅጂ እንደ ምርጫው ይጥራ፤ ምክንያቱንም ይስጥ። በዚያን ጊዜ «ሰቆጣ» ሲባል ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ሰው እንኳ ድርቁን ከማሰቡ በፊት ከበሮውን ያስብ ይሆናል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለምርጫዬ ለእማሆይ አልበም ድምፅ እንድትሰጡኝ አልለምንም፤ ከ«ጨ በለው» ጋራ ተወዳድሮ እንደሚሸነፍ ከወዲሁ ይታየኛል። ድምፃችሁን የምለምነው ለሐሳቡ ነው። ሐሳቡን የሚደግፍ እጁን ያንሣ፤ በነሐሴም ጊዜ ያለው ስሙን ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ።